ስም የማን ነው? የቤተሰብ ስም፣ የአባት ስምና የክርስትና ስም በጎጃም ደጋ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘውና የማቻከል ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ከተማ አማኑኤል ትባላለች። ስሙ አስቀድሞ የአምላክ ስም ነው፤ እንደ ብዙዎቹ የጎጃም ከተሞችም ከታቦቱ ወደ ደብሩ፣ ከደብሩ ወደ ሰፈሩ፣ ከሰፈሩም ወደ ከተማው የተሻገረ ስም ነው፤ ከዚህ ሌላ የሰዎች መጠሪያና የክርስትና ስም ሆኖ ያገለግላል። አንድ ቃል በአንድ ጊዜ ፈጣሪን፣ ቦታንና ሰውን ሲጠራ የሚደናገር ሰው የለም፤ ያለመደናገሩ ነገር ግን በራሱ ሊመረመር የሚገባው ነው፤ ከበስተኋላው ስም የማን ሀብት ነው የሚል፣ ፍልስፍናና ሃይማኖት የሚጋሩት ጥያቄ አለና። ስም የተጠሪው ነውን? የሰጪው ነውን? የአባቱ ቤት ነውን? ወይስ ስም ማለት ሰው የራሱ ብቻ አለመሆኑን የሚናገር ምስክር ነውን?

ጥያቄው ጎልቶ የሚታየው የጎጃምን የስም ሥርዓት ከእርሱ ፈጽሞ ከሚለይ ሥርዓት ጋር ሲያስተያዩት ነው፤ ለዚህም የእንግሊዞች የቤተሰብ ስም፣ ማለትም ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ የሚተላለፍና አንድ የዘር ሐረግ በሙሉ የሚጠራበት ስም፣ ተገቢ ማስተያያ ይሆናል። እንግሊዞችም በጥንት ዘመን እንዲህ ያለ ስም አልነበራቸውም። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 አገሪቱን ከያዙ በኋላ በባለ መሬት መኳንንት ዘንድ ተጀምሮ እስከ 1400 ገደማ ባለው ጊዜ ወደ ተራው ሕዝብ ወረደ፤ አንዱ ከሚኖርበት ኮረብታ ወይም ወንዝ፣ ሌላው ከመልኩ ወይም ከጠባዩ፣ ሌላው ከአባቱ ስም፣ ሌላውም ከእጁ ሥራ ስም ወጣለት። ጆንሰን የጆን ልጅ ማለት ሲሆን የመጀመሪያው ጆንሰን በእርግጥም አባቱ ጆን ይባል ነበር፤ ዛሬ ግን በዚህ ስም ከሚጠሩት ሰዎች እጅግ የሚበዙት የአባታቸው ስም ሌላ ነው። ስሚዝ ማለት ቀጥቃጭ፣ ብረት ሠሪ ማለት ነው፤ በእንግሊዝም ሆነ በአሜሪካ ቁጥሩ ከሁሉ የሚበልጠው የቤተሰብ ስም ይኸው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በተደረገው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ከ2 ነጥብ 4 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች በዚህ ስም ተመዝግበዋል፤ ከእነዚህ መካከል መዶሻና ወናፍ ይዞ የሚያድር ከስንት አንድ ነው። ስሙ ለአንድ ትውልድ እውነት ተናግሮ ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ መለየት ብቻ ሆነ።

ይህ ጽናት የመጣው ከቤተሰብ ፍቅር ብቻ አልነበረም። እንደ 1379ኙ የእንግሊዝ የራስ ግብር ያለው፣ ሰው በሰው እየተቆጠረ የሚከፈል ግብር፣ ከ1538 ጀምሮ በየአጥቢያው እንዲያዝ የታዘዘው የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ፣ የውርስም ክርክር፣ ሁሉም የማይለዋወጥ ስም ይሻ ነበር። በእንግሊዝ በዝግታ የተፈጸመውን ሌሎች መንግሥታት በትእዛዝ ፈጸሙት፤ የኦስትሪያው ገዥ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዮሴፍ በ1787 በግዛታቸው የሚኖሩትን አይሁድ፣ የታይላንድ መንግሥት በ1913፣ የቱርክ መንግሥት ደግሞ በ1934 ሕዝባቸውን የቤተሰብ ስም እንዲይዝ አስገደዱ። አይስላንድ በተቃራኒው በ1925 አዲስ የቤተሰብ ስም መያዝን በሕግ ከልክላለች፤ እስከ ዛሬም አብዛኛው ሕዝቧ እንደ ኢትዮጵያዊው ሁሉ በራሱና በወላጁ ስም ይጠራል።

ስለ ስሚዝ ከተነሣ ዘንድ አንድ ነገር ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። በጎጃምም ሆነ በቀረው የአማራ አገር ቀጥቃጩ ማረሻና ማጭድ እየሠራ ገበሬውን ሲያኖር፣ እርሱ ራሱ ቡዳ እየተባለ ይገለል ነበር፤ አጤ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብን ሰው በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። በእንግሊዝ የሚሊዮኖች መጠሪያ የሆነው ሙያ በዚህ አገር ስድብ ነበር ማለት ነው። የአባት ሥራ ለልጅ ስም ሆኖ በኢትዮጵያ ጸንቶ ቢሆን ኖሮ የቀጥቃጭ የልጅ ልጅ ስድቡን በየመዝገቡ ይሸከመው ነበርና፣ በየትውልዱ የሚታደስ ስም ቢያንስ ከዚህ አድኖታል፤ የጎረቤት ትውስታ ግን መዝገብ ስለማያሻው መገለሉ ያለ ስምም ሊቀጥል ችሏል፤ ይህም በግልጽ ሊነገር የሚገባው በደል ነው።

በጎጃም ደጋ ሕፃን ሲወለድ የሚወጣለት የዓለም ስም፣ ማለትም ቤተሰቡና ጎረቤቱ የሚጠሩበት ስም፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቃል አልፎ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ተናጋሪም፣ የሚነገረውም ወገን አለው። አንተነህና ዓለምነህ ሲባል ሕፃኑ ራሱ በሁለተኛ መደብ ይነገረዋል፤ ደሳለኝ ሲባል ወላጅ ስለ ራሱ ልብ ይናገራል፤ ይበልጣል ሲባል ገና ያልታየ ነገር ይተነበያል፤ እንየው ሲባል ፍርዱ ለጊዜ ይተዋል፤ ተመስገን ሲባል ደግሞ ቃሉ በሕፃኑ በኩል አልፎ ወደ ፈጣሪ ይሄዳል። ልጅ የሞተበት ቤት ምትኩ፣ ካሳ፣ ፈንታ፣ ማስረሻ የሚል ስም ያወጣል፤ ምትኩ የተባለ ሰው አይቶት የማያውቀውን ወንድሙን ወይም እኅቱን ዕድሜ ልኩን በስሙ ይዞ ይኖራል። ስለዚህ የዓለም ስም የሚመሰክረው ስለ አንድ ቀን፣ ስለ አንድ ቤት የልብ ሁኔታ እንጂ ስለ ዘር ሐረግ አይደለም።

የአባት ስም በዚህ ላይ ሲጨመር የሚሆነው ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ በማይርቀው እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ታላቁ ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ ስማቸው ሁለት ልደት የያዘ ነው፤ ሐዲስ የሚለው ስለ ደራሲው መወለድ የተነገረ ሲሆን፣ ዓለማየሁ የሚለው ግን ዓለም አየሁ፣ ደስታ አየሁ ያለ የአያት ወይም የቅድመ አያት ድምፅ ነው፤ የተነገረውም ደራሲው ከመወለዳቸው አንድ ትውልድ ቀድሞ፣ አባታቸው በተወለዱ ጊዜ ነው። በሁለቱ ስሞች መካከል የ የሚል አገናዛቢ ፊደልም ሆነ የግእዝ ዘርፍ አያያዝ የለም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቆማሉ እንጂ አንዱ የሌላው ገንዘብ አይሆንም። በዚህም ምክንያት አክብሮ የሚጠራቸው ሰው አቶ ሐዲስ ይላል እንጂ አቶ ዓለማየሁ አይልም፤ እንዲያ ቢል የጠራው አባታቸውን ይሆናል። ሴትም ስታገባ የባሏን ስም አትወስድም፤ በአንዳንድ የአማራ አካባቢዎች ሙሽራዋ ከአማቷ አዲስ የመጠሪያ ስም የምትቀበልበት ልማድ የነበረ ቢሆንም፣ የአባቷ ስም በቦታው ይጸና ነበር። አባት በልጁ ስም ውስጥ ያለው እንደ ምስክር ነው፤ የልጁን ማንነት ሲመሰክር ይኖራል፤ የልጅ ልጁ ሲወለድም በሦስተኛ ቦታ ቆሞ ጥቂት ይዘገያል፤ ከዚያም ከስም ዝርዝር ወጥቶ ወደ ትውልድ ቆጠራ ይገባል።

የቤተሰብ ስም በዚህ አገር ለምን አልበቀለም የሚለው ጥያቄ በተለምዶ የሚመለሰው መንግሥት ዘግይቶ መዝገብ ስለጀመረ ነው በሚል ነው። ምክንያቱ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን በጎጃም ከዚህ የጠለቀ ምክንያት ይገኛል፤ እርሱም ርስት ነው። ርስት ማለት አንድ ሰው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት በመወለዱ ብቻ ከዚያ መሬት ድርሻ የመጠየቅ መብቱ ሲሆን፣ ይህ መብት በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም በኩል ይወርድ ነበር። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ባደረጉት ጥናትና እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት መጽሐፍ በዝርዝር እንዳሳዩት፣ አንድ የጎጃም ገበሬ በአባቱ አባት፣ በአባቱ እናት፣ በእናቱ አባትና በእናቱ እናት በኩል እስከ ዋና አባቶቹ ድረስ እየቆጠረ በተለያዩ ቦታዎች ድርሻ ሊጠይቅ ይችል ነበር። እንዲህ ያለው ሰው የአንድ ቤት ብቻ ልጅ አይደለም፤ የብዙ ቤቶች ልጅ ነው። በወንድ መሥመር ብቻ የሚወርድ አንድ የቤተሰብ ስም ቢይዝ ኖሮ ሦስቱን ዘርፎች ጥሎ አንዱን ብቻ ያወጀ ይሆን ነበር፤ በርስት ሸንጎ ፊት ይህ ራስን ማደኽየት ነው። ትውልድ በቃል ይቆጠር ነበር እንጂ በስም ላይ አይጫንም ነበር፤ ሽማግሌው የሚያውቀው የስም ሰንሰለት ሴቶችም ወንዶችም የሚገኙበት ነው። ለጋብቻም ቢሆን እስከ ሰባት ቤት ድረስ መቁጠር ግድ ነበርና፣ ያው ትውስታ መሬቱንም ትዳሩንም ይጠብቅ ነበር። በእንግሊዝ ግን ሴት ልጅ ብቻ የወለደ ሰው ስሙ ከርሱ ጋር ያበቃል፤ ፍራንሲስ ጋልተንና ሄንሪ ዋትሰን እ.ኤ.አ. በ1874 የቤተሰብ ስሞች በዚህ ምክንያት እንዴት እየጠፉ እንደሚሄዱ በሒሳብ ለማስላት ሞክረዋል። በጎጃም ሥርዓት እንዲህ ያለ መጥፋት ትርጉም የለውም፤ ሴት ልጅም የዋና አባቷን መብት ለልጇ ታስተላልፋለችና።

ስለ ብዛትም የሚባለው ከዚህ ይከተላል። በእንግሊዝ ስንት ስሚዝ አለ ብሎ መጠየቅ ስለ ዘርና ስለ ፍልሰት ታሪክ አንዳች ነገር ያስረዳል። በአማኑኤል ከተማ ሁለተኛ ስማቸው ዓለሙ የሆነ ሰዎችን መቁጠር የሚያስረዳው ግን አንድ ትውልድ ቀደም ብሎ ዓለሙ የሚለው ስም ይወደድ እንደነበረ ብቻ ነው፤ ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ምንም ላይዛመዱ ይችላሉ። በዚህ አገር ከሰው ወደ ሰው ሳይለወጥ የሚደጋገመውን፣ ዘመድ ያልሆኑትን ሰዎች በአንድ የሚያስጠራውን የስም ክፍል የሚፈልግ ሰው ወደ አባት ስም ሳይሆን ወደ ክርስትና ስም መሄድ አለበት።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40ኛው፣ ሴት ልጅ በ80ኛው ቀን ትጠመቃለች፤ የቀኑ ቁጥር አዳም በ40ኛው፣ ሔዋን በ80ኛው ቀን ወደ ገነት እንደገቡ ከሚተርከው ከመጽሐፈ ኩፋሌ ጋር የተያያዘ ነው። በዚያ ቀን ሕፃኑ በክርስትና አባት፣ ሕፃኗም በክርስትና እናት እጅ ሆነው ከካህኑ አዲስ ስም ይቀበላሉ፤ ስሙ ብዙ ጊዜ ከዕለቱ በዓል ጋር ይገናኛልና፣ ወር በገባ በ28 የተጠመቀ ገብረ አማኑኤል ወይም ኃይለ አማኑኤል፣ የተጠመቀችም ወለተ አማኑኤል ወይም አመተ አማኑኤል ልትባል ትችላለች። ገብር አገልጋይ፣ ወልድ ልጅ፣ አመት ሴት አገልጋይ፣ ወለት ሴት ልጅ ማለት ነው። በግእዝ ሰዋስው ገብር የሚለው ቃል ብቻውን ሲቆም መጨረሻው ሳድስ ሲሆን፣ ሌላ ስም ሲያስከትል ወደ ግእዝ ፊደል ተለውጦ ገብረ ይሆናል፤ ተከታዩም ቃል ዘርፍ ይባላል። በዋሸራና በሌሎቹ የጎጃም ጉባኤ ቤቶች ለቅኔ የሚዘጋጅ ደቀ መዝሙር ይህን ገና በጠዋቱ ይማራል። ገብረ ብሎ ማቆም ስለዚህ ቃሉን ማጉደል ነው፤ አገልጋይነቱ ለማን እንደሆነ ሳይነገር ይቀራልና። በአባት ስም ላይ ያልነበረው የመያያዝ ሥርዓት በክርስትና ስም ላይ የሚገኝ መሆኑ እንዲያው የሰዋስው አጋጣሚ ተደርጎ ሊታለፍ አይገባም፤ ሰው ከአባቱ ጎን ይቆማል፣ ከአምላኩ ወይም ከቅዱሱ ጋር ግን በስሙ ይታሰራል። የጎጃም ክርስቲያን የቤተሰብ ስም አለው ከተባለ እርሱ ይኸው የስሙ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ሥላሴ፣ ማርያም፣ ሚካኤል፣ ጊዮርጊስ፣ አማኑኤል የሚሉት ቤቶች ድኻና መስፍን፣ ጭሰኛና ባለ ርስት፣ ቀጥቃጭና ካህን አብረው የሚገቡባቸው ቤቶች ናቸውና።

ይህ ስም ብዙ ጊዜ በአደባባይ አይነገርም። የሚያውቁት ቤተሰቡ፣ የክርስትና ወላጁና የነፍስ አባቱ ናቸው፤ በንስሐና በጸሎት ይጠራል፤ በመጨረሻም በጸሎተ ፍትሐት ላይ፣ ማለትም ካህናት ለሞተው ሰው ስርየት በሚለምኑበት ጸሎት ላይ፣ ሟቹ የሚታሰበው በዚሁ ስም ነው። በጎረቤቱ ዘንድ ዕድሜውን ሙሉ በዓለም ስሙ ሲጠራ የኖረ ሰው ፍትሐቱ ሲደረግ ለቀባሪው እንግዳ በሆነ ስም ይጠራል። ሐተታ በሚባለው መጽሐፍ ውስጥ ተራኪው በክርስትና ዘርዐ ያዕቆብ እንደተባለና ሰዎች ግን ወርቄ እያሉ እንደሚጠሩት፣ ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወትም ምትኩ ይባል እንደነበረ ተነግሯል፤ መጽሐፉ በእውነት በማን ተጻፈ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ ያልተቋጨ ቢሆንም፣ የሁለት ስሞች ሥርዓት ግን ጸሐፊው ማንም ይሁን በሚገባ ያወቀው የአገሩ ኑሮ ነበር።

የክርስትና ስም ለምን ይሸሸጋል የሚለው ጥያቄ ወደ ነገሩ መሠረት ያደርሳል፤ እርሱም ስም ይሠራል ወይስ ያመለክታል የሚለው ነው። በሕዝቡ ዘንድ ስሙን ያወቀ መተተኛ ሰውየውን ይጎዳል የሚል ፍርሃት አለ። አስማት የሚለው ቃል በግእዝ የስም ብዙ ቁጥር፣ ስሞች ማለት ሲሆን፣ በአማርኛ የምትሐት ሥራ መጠሪያ የሆነው የተሰወሩ የመለኮት ስሞችን መደጋገም ኃይል አለው ከሚል እምነት የተነሣ ነው። በብራና ተጽፎ የሚያዝ ክታብ የባለቤቱን የክርስትና ስም ይይዛል፤ ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የቀድሞው ስም ተፍቆ አዲሱ የሚጻፍባቸው ብራናዎች በየቤተ መዘክሩ ይገኛሉ። ዓውደ ነገሥት በሚባለው የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ደግሞ የጠያቂው ስምና የእናቱ ስም ፊደላት ወደ ቁጥር ተለውጠው ይደመራሉ፤ በሸንጎ በአባቱ ስም የሚጠራው ሰው በጠንቋዩ ፊት በእናቱ ስም መታወቁ ሊያስደንቅ ይችላል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ይህን የመሰለውን ሥራ አጥብቀው አውግዘዋል፤ የቤተ ክርስቲያንም ትምህርት ያው ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚለው የታወቀ አባባልም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል፤ አባባሉ ስም ዕድልን ይወስናል ማለት ከሆነ የሰውን ነጻ ፈቃድ ይነጥቃል፤ ስም የሚሰጥ ሰው የሚያወጣው ቃል ከራሱ ዕውቀት በላይ ሊሄድ ይችላል ማለት ከሆነ ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ይስማማል።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ አማኑኤል የሚለው ስም ራሱ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሡ አካዝ በሰጠው ምልክት የሚወለደው ልጅ አማኑኤል እንደሚባል ተናግሯል፤ ትርጓሜውም እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው ማለት ነው። ወንጌላዊው ማቴዎስ ይህን ትንቢት በመጀመሪያ ምዕራፉ ጠቅሶ እዚያው ላይ ልጁ ኢየሱስ እንደተባለ ይጽፋል። ትንቢቱ የመጠሪያ ስም ትንቢት ከነበረ አልተፈጸመም ሊባል ነው፤ ይህን ጥያቄ የጥንት አባቶች አልሸሹትም። ዮሐንስ አፈ ወርቅ በማቴዎስ ወንጌል ትርጓሜው እንዳስረዳው፣ መጽሐፍ ቅዱስ የሚሆነውን ነገር እንደ ስም አድርጎ መናገር ልማዱ ነው፤ ሕዝቡ እግዚአብሔርን በሰው መካከል ባየው ጊዜ ስሙ ተፈጸመ። ስለዚህ አማኑኤል የሚለው ስም የተፈጸመው አንድ ሰው በዚያ ስም በመጠራቱ አይደለም፤ ስሙ የሚለው ነገር በመድረሱ ነው። በተዋሕዶ ትምህርት ይህ ስም የቃልና የሥጋ መዋሐድ፣ ማለትም መለኮትና ትስብእት ያለ መለያየትና ያለ መቀላቀል አንድ መሆናቸው የሚነገርበት ስም ነው። ጎጃም በስም ላይ የተነሣ ክርክር ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ከሌላው አገር ይልቅ ያውቃል፤ ክርስቶስ ማለት የተቀባ ማለት በመሆኑ፣ የመቀባቱ ትርጉም ምንድን ነው በሚለው ላይ የቅባትና የተዋሕዶ ሊቃውንት ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ተከራክረዋል፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው በተዋሕዶ ወገን ቢወስኑም፣ ክርክሩ በጎጃም ትውስታ ውስጥ ረጅም ዕድሜ ነበረው።

የምዕራብ ፈላስፎች ያነሡት ክርክር ከዚህ ርቆ አይሄድም። ፕላቶን ክራጥሎስ በተባለው ድርሰቱ ስም ከነገሩ ባሕርይ ይመነጫል ወይስ በሰዎች ስምምነት ይቆማል የሚለውን አስመርምሯል። ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1843 ባሳተመው የሎጂክ መጽሐፉ የተጸውዖ ስም የሚያመለክተው እንጂ የሚገልጸው ነገር የለውም ብሏል። ይህ አባባል ለስሚዝ ይሠራል፤ ለማስረሻ ግን አይሠራም፤ ማስረሻ ብሎ የሚጠራ የአማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ኀዘኑን ይሰማልና። ሳውል ክሪፕኪ በ1970 በሰጠውና በኋላ በመጽሐፍ በወጣው ትምህርቱ ስም ከሰው ጋር የሚጣበቀው በመጀመሪያ የስያሜ ድርጊት እንደሆነና ከዚያ በኋላ ከአፍ ወደ አፍ በሰንሰለት እንደሚተላለፍ አስረድቷል፤ ያንንም የመጀመሪያ ድርጊት ጥምቀት ሲል ጠርቶታል። ለእርሱ ጥምቀት ምሳሌ ነበረ፤ በአማኑኤል ከተማ ግን በውኃና በሜሮን የሚፈጸም ነገር ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ በፈላስፋው ዘንድ ስያሜ ሰውን ለተናጋሪዎች ይለያል፤ በጥምቀት ግን ስያሜ ሰውን ለአንድ ጌታ ይሰጣል። ስም ይሠራልን ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከዚህ ይገኛል፤ የክርስትና ስም የሚሠራው እንደ ምትሐት ድምፁ ኃይል ኖሮት አይደለም፤ የሚሠራው ቃል ኪዳን በሚሠራበት መንገድ ነው፤ ቃል ኪዳን ደግሞ የሚጠብቀው ሰው እስካለ ድረስ ይሠራል፣ ካልተጠበቀ ግን ይከስሳል።

ነገሥታትና ጀግኖችም የስምን ክብደት ያውቁ ነበር። ካሳ ኃይሉ ቴዎድሮስ፣ ካሳ ምርጫ ዮሐንስ፣ ሣህለ ማርያም ምኒልክ ተብለው ነገሡ፤ ተፈሪ መኰንን ደግሞ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ቀድሞ በክርስትና የተቀበሉትን ኃይለ ሥላሴ የሚለውን ስም የመንግሥት ስም አድርገው ተሸሽጎ የነበረውን በአደባባይ ገለጡት። የጎጃሙ ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. ከዐፄ ዮሐንስ እጅ ንጉሥነትን ሲቀበሉ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ፤ ከተማቸው መንቆረርም በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ምክንያት ደብረ ማርቆስ ሆነች፤ ሰውና ከተማ በአንድ ዘመን ስማቸው ወደ ቅዱሳን ተዛወረ። አርበኛው በላይ ዘለቀ ደግሞ ተከታዮቻቸውን በማዕረግ ሲሾሙ የራስዎስ ሹመት ምን ይሁን ተብለው ቢጠየቁ፣ እናታቸው ያወጡላቸው በላይ የሚለው ስም እንደሚበቃቸው መለሱ ተብሎ በጎጃም ይተረካል።

ዘመናዊው መንግሥት በዚህ ሥርዓት ላይ የቤተሰብ ስም ሊጭንበት ሞክሮ ነበር። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቁት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተ ዘመድ ስም፣ የግል ስምና የአባት ስም እንዲኖረው ይደነግጋል፤ የቤተ ዘመድ ስም ግን በሕዝቡ ኑሮ ውስጥ ሥር ሳይሰድ ቀርቷል፤ ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ የሚጠየቀው የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። በሕግ ያልተሳካው ግን በስደት እየተሳካ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖር ኢትዮጵያዊ የአባቱ ወይም የአያቱ ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ይጻፍለታል፤ ልጆቹም ያንኑ ይወርሳሉ፤ ስለዚህ በሦስተኛው ትውልድ የሚወለደው ልጅ የአባቱን ስም ሳይዝ የቅድመ አያቱን ብቻ ይዞ ያድጋል፤ የጆንሰን ታሪክ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ይደገማል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነው ገብረ አማኑኤልና ወልደ ጊዮርጊስ የሚሉት ስሞች በማመልከቻ ቅጽ ላይ ለሁለት ተቆርጠው ሰውየው ገብረ ወይም ወልደ እየተባለ ሲጠራ ነው፤ የአምላኩ ወይም የቅዱሱ ስም ወድቆ አገልጋይነቱ ወይም ልጅነቱ ብቻ ቀርቷልና። በስደት ያሉ ወላጆች የሚገጥማቸውን ችግር፣ የትምህርት ቤቱንና የኢሚግሬሽኑን ግዴታ ማቃለል አይገባም፤ ቢሆንም የልጃቸውን የክርስትና ስም ትርጉም የማስረዳት ዕድሉ በማንም ቅጽ አልተዘጋም።

በአገር ውስጥም የሚሠራ ሥራ አለ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ከተደነገገ ወዲህ ሕፃናት በየወረዳው እየተመዘገቡ ነው፤ የማቻከልም ሆነ የሌላው ወረዳ መዝጋቢ ገብረ አማኑኤል የሚለውን ስም እንደ አንድ ስም፣ ሳይቆርጥ ሊጽፈው ይገባል። ርስት በየካቲት 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ከቀረ በኋላ ደግሞ በእናት በኩል የሚወርደውን ሐረግ መቁጠር ጥቅም የሌለው መስሎ እየተተወ ስለሆነ፣ ያንን ቆጠራ በቃል የሚያውቁ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በሕይወት ሳሉ፣ በአማኑኤልና በአካባቢው ያሉ ቤተሰቦች የአባቶቻቸውን ብቻ ሳይሆን የሴት አያቶቻቸውንና የሴት ቅድመ አያቶቻቸውን ስም ከነክርስትና ስማቸው በወረቀት ያስፍሩ።